አንድ ጣሳ ሙሉ የጀርመን ወታደር ምልክት፦ ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ የመለየት ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ጣሳው መጣ

ፍራንክፈርት ውስጥ ትንሽ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ አለኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ሰኞ ዕለት አንዲት የቆዩ ደንበኛዬ የብስኩት ጣሳ ይዘው መጡ። ሰማንያን አልፈዋል። «የአባቴ ዕቃ ነው። ለሙዚየም ልሰጠው ነው። ግን የውሸት ነገር ሰጥቼ ማፈር አልፈልግም። አንቺ ክር ታውቂያለሽ» አሉኝ።

ክርስ አውቃለሁ። ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቴ ሸማኔ ነበር። ጥለት የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ፊቱን ማሳመር ማንም ይችላል። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ደንብ ልብስ ግን የማውቀው ትንሽ ነው። ስለዚህ የማደርገውን ሁሉ እዚህ እመዘግባለሁ፤ ስሕተቴንም ጭምር። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ ሲሆን እናገራለሁ።

በጣሳው ውስጥ ያገኘሁት፦

1. ጥቁር አረንጓዴ የእጅጌ ጥብጣብ። በብርማ ፊደል «አፍሪካኮርፕስ» ይላል፤ በሰሜን አፍሪካ የዘመተው የጀርመን ጦር ስም ነው። ጠርዙ አሸዋማ ቀለም ነው።
2. ቡናማ የእጅጌ ጥብጣብ። «አፍሪካ» ይላል፤ በግራና በቀኝ ዘንባባ አለው።
3. የደረት ንስር፦ ደረት ላይ የሚሰፋ፣ ስዋስቲካ የያዘ የንስር ምልክት፣ ለበረሃ ልብስ የተሠራ። ከካኪ ጨርቅ ቁራጭ ጋር እንደተሰፋ ነው።
4. የኤስኤስ፣ ማለትም የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል፣ የአንገት ምልክት። ጀርባው ላይ የወረቀት ታግ አለው።
5. «ኮልም 1942» የሚል የብረት ጋሻ፣ ክንድ ላይ የሚደረግ።
6. የኤደልቫይስ አበባ፣ ከብረት የተሠራ የቆብ ምልክት።

አንድ ፎቶም አለ። ቀጭን ወጣት በቁምጣ ቆሟል። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ዴርና፣ መጋቢት 1942» ተብሎ ተጽፏል።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ላስቀምጥ። ጀርመን ውስጥ ስዋስቲካና የኤስኤስ ምልክት በአደባባይ ማሳየት ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ለጥናትና ለትምህርት ሲሆን ሕጉ ይፈቅዳል። ያም ሆኖ ሥራውን የምሠራው በጓዳ ነው። ስጨርስ እሸፍነዋለሁ። ደንበኛ የሚገባበት ክፍል ውስጥ አንዱም አይወጣም።

ቅዳሜ ቡና ላይ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው፤ አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ የናዚ ዕቃ አንቺ ቤት ምን ይሠራል?»

«ጋሼ፣ ልሸጠው አይደለም። ፎርጅዱ ሙዚየም ገብቶ እውነት መስሎ እንዳይቀመጥ ነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቆይተው የመጀመሪያው ጥብጣብ መቼ እንደተፈቀደ ጠየቁኝ። ሐምሌ 18 ቀን 1941። በእኛ ሐምሌ 11 ቀን 1933። «ያኔማ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ወር ከምናምን ነው። ጣልያን ግን ጎንደር ላይ ገና እጁን አልሰጠም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጎንደር የተለቀቀችው በእኛ ኅዳር 1934 ነው። ከረን ላይ ጣልያንን የወጋው አራተኛው የሕንድ ክፍለ ጦርም ከዚያ ወደ ሰሜን ተመልሶ አፍሪካኮርፕስን ከሚመራው ከጀርመኑ ጄኔራል ከሮሜል ጦር ጋር ተዋግቷል። ለካ ይህ ጣሳ ከእኛ ታሪክ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ጋሼም ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው «የት ደረሽ?» ይሉኛል።

ሳምንት 2፦ ዕቃ ግዢና የመጀመሪያው ፍርድ

የገዛሁት፦ ዩቪ ባትሪ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ (365 ናኖሜትር) 28 ዩሮ። 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ 12 ዩሮ። ዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ 45 ዩሮ። ዲጂታል ካሊፐር (ስፋት መለኪያ) 16 ዩሮ። ወረንጦና መርፌ ከሱቄ።

የዩቪው ነገር እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጨርቅን ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል በክር፣ በወረቀትና በሳሙና ውስጥ በስፋት ገባ። ይህ ኬሚካል በዩቪ ብርሃን ሲታይ ሰማያዊ ያበራል። ስለዚህ ሰብሳቢዎች «ካበራ ፎርጅድ ነው» ይላሉ። መብራቱን አጠፋሁና አንድ በአንድ አየሁ።

ቁጥር 1፣ አፍሪካኮርፕስ፦ ጨለማ። ምንም አያበራም። ስገለብጠው ጫፉ ላይ «ቤቮ ቩፐርታል» የሚል ተሸምኖበታል። ቤቮ በቩፐርታል ከተማ የነበረ የጥብጣብ ፋብሪካ ነው። ስፋቱ 33 ሚሊሜትር ወጣ። ልቤ ዘለለ።

ቁጥር 2፣ አፍሪካ፦ ፊደሉና ዘንባባው ቦግ ብሎ በራ። መሬቱ ግን እምብዛም።

ቁጥር 3፣ ንስሩ፦ ከነካኪው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ።

ቁጥር 4፦ የወረቀት ታጉ እንደ ኒዮን በራ።

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ያን ዕለት ማታ ደንበኛዬ ጋ ደወልኩ። «አፍሪካኮርፕሱ ኦርጅናል ነው። አፍሪካ የሚለው ግን ፎርጅድ ይመስለኛል» አልኳቸው። በጣም ተደሰቱ። ቤተሰቡ የሚኮራበት ያ አረንጓዴው ነበር።

ያን ስልክ መደወል አልነበረብኝም። በአንድ ባትሪ ብቻ ሁለት ፍርድ ሰጠሁ። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ሳምንት 3፦ 95 ዩሮ

ማወዳደሪያ ያስፈልገኛል ብዬ አንድ የታወቀ ኦርጅናል ልገዛ ወሰንኩ። ከአንድ ሻጭ ላይ የበረሃ ንስር በ95 ዩሮ ገዛሁ፤ ስዋስቲካው ተሸፍኖ ነው የተሸጠው። «ከአያቴ ሳጥን የወጣ» ብሎኛል።

ሲደርስ አሸተትኩት። ሻይ ሻይ ይላል። ቡናማነቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። የእውነት የቆየ ጨርቅ እንዲህ አያረጅም። ላብና ፀሐይ የነካው ፊቱ ይደበዝዛል፤ ታጥፎ ከስፌት ሥር የተደበቀው ግን የድሮ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። የዚህን የታጠፈ ጠርዝ በመርፌ ገለጥ አደረግኩ። እዚያም ያው ሻይ ነው። ተነክሮ የወጣ ነገር ነው።

ጀርባውን በማይክሮስኮፕ ሳየው ነገሩ ለየለት። ይህ ጭራሽ የተሸመነ አይደለም፤ በኮምፒውተር መኪና የተጠለፈ ነው። የታችኛው ክር ነጭ ነው። ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው የሚዘል ክር በመቀስ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጥልፍ እንዳይጨማደድ የሚደረገው ወረቀት መሳይ ጨርቅ ቅሪት አለ። እኔ ራሴ ለስፖርት ማልያ ስም ስጠልፍ የምጠቀምበት ዓይነት ነው።

ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። ግን እውነተኛ ፎርጅድ እጄ ላይ አለ። ከደንበኛዬ ንስር ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

የእሳቸው ንስር የተሸመነ ነው። ጥለት ነው ማለት ይቻላል። ሐመር ሰማያዊው ማግ ላባውን ሠርቶ ሲጨርስ ከጀርባ በኩል ይሄድና በሚቀጥለው ቦታ ይወጣል። ፊቱ ላይ ሰማያዊ የሆነው ጀርባው ላይ አሸዋማ ነው፤ የፎቶ ኔጋቲቭ ይመስላል። የላባዎቹን ጠርዝ ሳጎላው ደረጃ ደረጃ ነው፤ ማግ በድር ላይ ሲሄድ የሚሠራው ደረጃ። አባቴ ሥራውን ገልብጦ «ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ሠሪው አልቸኮለም» ይል ነበር።

ሳምንት 4፦ የሳሙናው ሙከራ

ያ የሚያበራው «አፍሪካ» እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ጥብጣብ በአፍሪካ ለዘመቱ የሚሰጥ ሽልማት ነው፤ የተቋቋመው ጥር 15 ቀን 1943 ነው። በደንቡ መሠረት መሬቱ የግመል ጠጉር ቀለም ያለው ጨርቅ፣ ጽሑፉ ደግሞ ብርማ ግራጫ ጥልፍ ነው። ጥብጣቡ በሁሉም ነገር ልክ ነው። ታዲያ ለምን ያበራል?

ደንበኛዬን ጠየቅኳቸው፦ ታጥቦ ያውቃል? «እናቴ እኮ ያላጠበችው ነገር የለም። ጣሳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም አጥባለች። 1970ዎቹ ውስጥ ይመስለኛል» አሉ።

ስለዚህ ሞከርኩት። አገር ቤት ከመጣልኝ፣ ውኃ ካልነካው ነጠላ ላይ ትንሽ የፈትል ጥጥ ቆረጥኩ። ያልተነከረ የበግ ፀጉር ክርም ጨመርኩ። በዩቪ ሁለቱም አያበሩም። በዘመናዊ የዱቄት ሳሙና፣ ኦሞ በምንለው ዓይነት፣ አንድ ጊዜ አጠብኳቸው። አደረቅኩ። መብራት አጠፋሁ።

ጥጡ ቦግ አለ። ሱፉ እምብዛም።

ልክ እንደ ጥብጣቡ! ጥልፉ በርቶ መሬቱ ጨለም ያለው ለዚህ ነው። ንስሩና ካኪው አብረው የሚያበሩትም አብረው ስለታጠቡ ነው። ማብራቱ ፎርጅድ ነው አያሰኝም፤ አለማብራቱም ኦርጅናል ነው አያሰኝም።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ሆዴን ባር ባር አለው። እናትየው ሁሉንም ካጠበች፣ አረንጓዴው ጥብጣብ ለምን ጨለማ ሆነ? ምናልባት ሲታጠብ በቤቱ አልነበረም።

ሳምንት 5፦ እሳት

ክር ማቃጠል የመጨረሻ አማራጭ ነው። ቅርስ ይጎዳል። አስቀድሜ በራሴ ፎርጅድ ንስር ላይ ተለማመድኩ።

የማቃጠሉ ነገር ለሚሞክር ሰው፦ ሱፍ ሲቃጠል የፀጉር ሽታ አለው፤ ቅሪቱ ጥቁርና ተፈርፋሪ ነው። ጥጥና ሬዮን (ከእንጨት የሚሠራ ክር) እንደ ወረቀት ይነዳሉ፤ የሚቀረው ለስላሳ አመድ ነው። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሁለት ሚሊሜትር ክር ይበቃል። በወረንጦ ተይዞ፣ በሸክላ ሳሕን ላይ፣ መስኮት ተከፍቶ።

አንድ ጥፋት ሠራሁ። ከአፍሪካ ጥብጣብ ላይ ክር ሳወጣ ጠርዙን የከበበውን ገመድ ጫፍ ሳብኩት፤ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ተተረተረ። ክሩ ጀርባው ላይ ለብቻው ተንጠልጥሎ እያለ ፊቱን መንካት አልነበረብኝም። የተተረተረውን አልሰፋሁትም። አዲስ ክር ካስገባሁ የሚቀጥለውን መርማሪ አሳስታለሁ። እንዳለ ትቼ በማስታወሻ ላይ ጻፍኩት።

ውጤቱ፦ የአፍሪካ ጥልፍ እንደ ወረቀት ነደደ። መሬቱ ፀጉር ፀጉር ሸተተ። ሁለቱም በዘመኑ የነበሩ ነገሮች ናቸው።

አፍሪካኮርፕስ፦ ከተቆረጠው ጫፍ አንድ የማግ ክር አወጣሁ። ከሽመናው ከራሱ እንጂ በኋላ ከተሰፋ ክር አይደለም፤ ይህን በማይክሮስኮፕ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ላይተሩን አስጠጋሁ። ወደ ኋላ ሸሸ። ቀለጠ። ጥቁር ፍሬ ሆኖ ቀረ።

ሳሕኑን ትክ ብዬ እያየሁ ቆየሁ።

ከዚያ ራሴን ተሟገትኩ። ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ የሚቀልጥ ክር አልነበራቸውም? ነበራቸው። ፐርሎን በ1938 ኢ ጌ ፋርበን በተባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ የተገኘ የናይለን ዓይነት ነው። ስለዚህ «ቀለጠ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በስልክ የሠራሁትን ስሕተት እንደገና ልሠራው አልፈለግሁም። በጨርቅ ላቦራቶሪ የምትሠራ ወዳጅ አለችኝ፤ የቀረውን ክር ወሰድኩላት። ጠንካራ ፎርሚክ አሲድ ውስጥ ከተተችው። ናይለንና ፐርሎን እዚያ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ፖሊስተር አይሟሟም።

አልሟሟም። ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር በእንግሊዝ ፓተንት የወጣለት በ1941 ሲሆን ገበያ ላይ የዋለው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የሮሜል ወታደር እጅጌ ላይ ሊኖር አይችልም። «ቤቮ ቩፐርታል» የሚለውም ጽሑፍ አብሮ የተኮረጀ ነው። ስም መሸመን ፊደል ከመሸመን አይከብድም።

ሳምንት 6፦ ስልኩ

ሦስት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ በስልክ መናገር ነውር መሰለኝና ቤታቸው ሄድኩ። «ኦርጅናል ነው ያልኩዎት ተሳስቼ ነው፤ ይቅርታ። ፎርጅድ ያልኩት ደግሞ እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። ያቃጠልኩትን ክር፣ የሳሙናውን ጥጥ፣ ሁሉንም አሳየኋቸው።

ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «ወንድሜ» አሉ።

ታላቅ ወንድማቸው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየእሑዱ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄድ ነበር። ሲሞት ዕቃው ከአባታቸው ዕቃ ጋር ተቀላቀለ። «አባቴ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ወንድሜ ዝምታውን በዕቃ ሊሞላው ፈልጎ ይሆናል» አሉ። እኔም እንባዬ መጣ።

ለራሴ የጻፍኩት፦ ይህን ጥያቄ በሳምንት 1 መጠየቅ ነበረብኝ። ጣሳው ውስጥ ማን ማን እጁን አስገብቷል? 101 ዩሮ የመሣሪያ ወጪ ከማውጣቴ በፊት አንድ ሻይ ጠጥቼ ልጠይቅ የምችለው ነገር ነበር።

ሳምንት 7፦ ብረቶቹና አንገቱ

እነዚህ ቶሎ አለቁ።

ኤደልቫይሱ፦ ወንድምየው በ1960ዎቹ በአዲሱ የጀርመን ጦር በተራራ እግረኛነት አገልግሏል። የዚያ ጦር ተራራ ወታደሮችም እስከ ዛሬ በቆባቸው ግራ ኤደልቫይስ ያደርጋሉ። የራሱ ነው። ፎርጅድ አይደለም፤ የጦርነቱ ዘመንም አይደለም።

የኮልም ጋሻ፦ ኮልም በሩሲያ ያለች ከተማ ናት። የጀርመን ጦር ከጥር 21 እስከ ግንቦት 5 ቀን 1942 እዚያ ተከቦ ነበር። ጋሻው የተሰጠው 5,500 ለሚሆኑ ሰዎች ብቻ ስለሆነ ፎርጅዱ ብዙ ነው። የዚያን ዘመኑ ከስስ ብረት ላይ በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ስለሆነ ጀርባው ጎድጓዳ ነው። የእኛው ደልደል ያለ፣ ከባድ ነው። በማጉያ ሳየው በንስሩ ላባ መሐል የአረፋ ቀዳዳዎች አሉ። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ባላይ እንኳ ፎቶው ይበቃኝ ነበር፤ በመጋቢት 1942 ሰውየው ሊቢያ ዴርና ላይ በቁምጣ ቆሟል። በዚያው ወር ኮልም በረዶ ውስጥ ሊሆን አይችልም።

የኤስኤስ የአንገት ምልክት፦ ታጉ የሚያበራ ወረቀት ነው። እዚህ ላይ የሳሙናው ማመካኛ አይሠራም። ወረቀቱ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ብትንትን ብሎ ይጠፋ ነበር፤ የእኛው ግን መጨማደድ እንኳ የለበትም። ወረቀቱ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። ፎርጅድ።

ስለ ኤስኤስ አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። «በአፍሪካ የነበረው ጦርነት ንጹሕ ነበር» የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ልክ አይደለም። ቱኒዝያ ውስጥ በቫልተር ራውፍ የሚመራ የኤስኤስ ቡድን ነበር። የቱኒዝያ አይሁዶችን በግዳጅ ሥራ አሰቃይቷል። ምልክቱ ፎርጅድ መሆኑ ያንን ታሪክ ፎርጅድ አያደርገውም። ለሙዚየሙ በምጽፈው ወረቀት ላይ ይህንም አስገብቻለሁ።

ሳምንት 8፦ ንስሩ

ንስሩን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ምንም ክር አላወጣሁበትም።

ከካኪው ጋር የተሰፋው በእጅ ነው። ስፌቱ አይመሳሰልም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። በግራ ክንፉ ጫፍ ላይ ክሩ አልቆበት በሌላ ቀለም ቀጥሏል። ይህን የሠራ ሰው ልብስ ሰፊ አይደለም። የታጠፈውን ጠርዝ በመርፌ ትንሽ ገለጥ አድርጌ በማጉያ አየሁ። ውስጡ ያለው አሸዋማ ቀለም ከፊቱ ይልቅ ጠቆር ያለ፣ ያልነጣ ነው። ከንስሩ ሥር ያለው ካኪም እንዲሁ፤ የንስሩን ጥላ ይዟል። እነዚህ ሁለት ጨርቆች ፀሐይ የመታቸው አብረው ነው።

ፎቶውን በማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኩት። ሸሚዝ ብቻ ስለለበሰ ደረቱ ላይ ንስር አይታይም። በስተኋላው ወንበር ላይ ግን ጃኬት ተሰቅሏል። ቀኝ ደረቱ ላይ ነጣ ያለ ነገር አለ። የንስር ክንፍ ነው ብዬ መማል አልችልም። ቦታው ግን ልክ ነው።

ጋሼ ቅዳሜ መጥተው ስፌቱን በማጉያው አዩ። «ልጅ ነው የሰፋው» አሉ። ሌላ አላሉም።

ሳምንት 23፦ ደብዳቤው

ደንበኛዬ በሳምንት 6 ለፌዴራል ቤተ መዛግብት ጽፈው ነበር። የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ ከ2019 ወዲህ እዚያ ነው። ዛሬ መልሱ መጣ። አባታቸው ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን አፍሪካ ነበሩ። በግንቦት 1943 ቱኒዝያ ላይ ተማረኩ። ወደ አሜሪካ ምርኮኛ ካምፕ ተወሰዱ። ስለ አፍሪካ ጥብጣብ ደብዳቤው ምንም አይልም። በአፍሪካ ከስድስት ወር በላይ ስለቆዩ ሽልማቱ ይገባቸው ነበር። ሽልማቱ የሚጻፍበት የወታደር መመዝገቢያ ደብተራቸው ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ለሙዚየሙ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «አፍሪካ፦ በቁሱና በአሠራሩ የዘመኑ ነው፤ የእሳቸው ለመሆኑ ሰነድ የለም።»

ጠቅላላ ወጪ፦ መሣሪያ 101 ዩሮ፣ ፎርጅዱ ንስር 95 ዩሮ፣ አሲድ የሌለው የካርቶን ሳጥን 14 ዩሮ። 210 ዩሮ። ደንበኛዬ ሊከፍሉኝ ፈልገው ነበር፤ የሳጥኑን ብቻ ተቀበልኩ።

አንድ የአካባቢ ሙዚየም ንስሩን፣ የአፍሪካን ጥብጣብና ፎቶውን ወሰደ። አረንጓዴውን ጥብጣብም ጠየቁ፤ ለአዳዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ እንዲሆን። «ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ቅጂ፣ ማጉ ፖሊስተር» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። የኔን ሻይ የተነከረ ንስርም ጨመርኩላቸው። ኤደልቫይሱን ደንበኛዬ ለወንድማቸው ልጅ አስቀርተውታል። የአንገት ምልክቱንና ጋሻውን ደግሞ እንዲወገዱ ፈልገዋል፤ ጨርቁን በመቀስ፣ ብረቱን በመጋዝ ቆረጥኳቸው።

ጣሳውን ዛሬ ማታ መለስኩላቸው። ውስጡ የፎቶው ቅጂና የቤተ መዛግብቱ ደብዳቤ አለ።